የእህል «መድኃኒት»ና የጀሪካን ክዳን

በየዓመቱ ወደ ግቢያችን በሚገባው አዲስ ተማሪ ሻንጣ ውስጥ ከልብስና ከደብተር ቀጥሎ ስንቅ አይጠፋም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማሪዎቻችን አንዱ፣ እናቱ ቆልቶ እንዲበላው ብለው የላኩለትን ሽምብራ ከፍቶ ሲያይ ሁለት ያልጠበቃቸውን ነገሮች አገኘ። አንደኛው ነቀዝ ነው፤ ይህ ብዙም አላስደነቀውም። ሁለተኛው በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ተቋጥሮ በሽምብራው መካከል የተቀመጠ ግራጫ ዱቄት ነው። ተማሪው ዐመድ መስሎት ቋጠሮውን በእጁ አንጠልጥሎ ወደ ቤተ ሙከራችን መጣ። ስልክ ደውሎ ሲጠይቅ እናቱ ከገበያ «የእህል መድኃኒት» ብለው የገዙት ሁለት ክኒን መሆኑን ነገሩት። ክኒኑ አልሙኒየም ፎስፋይድ ነበር፤ ዱቄቱ ደግሞ ክኒኑ ጋዙን ለቅቆ ከጨረሰ በኋላ የሚቀረው ዝቃጭ ነው። ስንቁ ወደ እኛ የተጓዘው በአውቶቡስ ጣራ ላይ ተጭኖ ስለ ነበር በመንገድ ላይ ማንም አልተጎዳም። ከዚያ በፊት ግን ጆንያው ቤተሰቡ በሚያድርበት ክፍል፣ ከአልጋው ራስጌ ቆሞ ከርሟል።

ከሁሉ የገረመን ሌላ ነገር ነው። ነቀዙ በሕይወት ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በመምህራን ክበብ በቡና ሰዓት ይህንን ጉዳይ ደጋግመን አንሥተናል፤ በመጨረሻም በዚህ ዓምድ አቋማችንን በግልጽ ልንጽፍ ወሰንን። አቋማችን አጭር ነው። አንድ ቤተሰብ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠውን ደረቅ እህል በመርዝ ሊጠብቀው አይገባም፤ አድርቆ፣ አየር በማያስገባ ዕቃ አሽጎ ሊያስቀምጠው ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሳይንስ ደግሞ ከሁለተኛ ደረጃ የሥነ ሕይወት ትምህርት አያልፍም።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ እንነጋገር። «መድኃኒት» የሚለው ቃል በዚህ ቦታ ብዙ ጥፋት ሠርቷል ብለን እናምናለን። በቋንቋችን መድኃኒት የሚያድን ነገር ነው። የሚያድን ነገር ከአልጋ ሥር ቢቀመጥ፣ ሕፃን ቢነካው፣ ከእህል ጋር ቢደባለቅ ማን ይፈራዋል? የክኒኑ ቅርጽም ቢሆን ለራስ ምታት ከምንውጠው ብዙም አይለይም። ይሁን እንጂ አልሙኒየም ፎስፋይድ በአየር ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል። 3 ግራም የሚመዝን አንድ ክኒን 1 ግራም ያህል ጋዝ ይሰጣል። ጋዙ ወደ ሰውነት ሲገባ የኅዋሳት የኃይል ማመንጫ የሆነውን የሚቶኮንድሪያን ሥራ ያውካል፤ ኅዋሱ ኦክስጅን እያለው እንደሌለው ይሆናል። በዚህ ረገድ በነቀዝ ሚቶኮንድሪያና በሰው ሚቶኮንድሪያ መካከል ልዩነት የለም። ለፎስፊን መመረዝ ማርከሻ አልተገኘለትም፤ ሐኪም ማድረግ የሚችለው የታማሚውን ልብና ሳንባ መደገፍ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት አማሪሎ በተባለች ከተማ፣ ተባይ ለማጥፋት ከመኖሪያ ቤት ሥር የተደረገውን ይህንኑ ኬሚካል በውኃ ለማጠብ ሲሞከር በተነሣው ጋዝ የአንድ ቤተሰብ አራት ልጆች ሞተዋል።

ሠልጥነው፣ ጭምብል አጥልቀው፣ ትልልቅ መጋዘኖችን በዚህ ጋዝ የሚያጥኑ ባለሙያዎች መኖራቸውን እናውቃለን፤ ከእነርሱ ጋር ጠብ የለንም። ጠባችን ክኒኑ በፍሬ እየተቆጠረ፣ ያለ ማሸጊያውና ያለ ማስጠንቀቂያው፣ ከጨውና ከሳሙና ጎን ተቀምጦ ከመሸጡ ጋር ነው።

ነቀዙ ለምን አልሞተም ለሚለው ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው። ፎስፊን የነቀዝን እንቁላልና በፍሬው ውስጥ የተደበቀውን እጭ ለመግደል በእህሉ መካከል ለብዙ ቀናት ሳይሳሳ መቆየት አለበት። ጆንያ ወይም በተለምዶ «ማዳበሪያ» የምንለው የፕላስቲክ ከረጢት ደግሞ የተሸመነ ነው፤ ጋዙ በሽመናው ቀዳዳ ሁሉ ይወጣል። ውጭ የሚሄዱት ጎልማሳ ነቀዞች ይሞታሉ፤ ባለቤቱም የሞቱትን አይቶ «ሠርቷል» ይላል። በፍሬው ውስጥ ያሉት ግን ይተርፋሉ። ከጆንያው የወጣው ጋዝ የት እንደሚሄድ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገንም። በዚህ ዓይነት ደካማ መጠን ተደጋግመው የሚነኩ ነፍሳት ከጊዜ በኋላ ጋዙን የሚቋቋም ትውልድ እንደሚያስገኙ በብዙ አገሮች ታይቷል። እንግዲህ ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብንጠቀልለው፣ መርዙ እንዲሠራ አየር የማያሳልፍ ዕቃ ያስፈልጋል፤ አየር የማያሳልፍ ዕቃ ካለን ደግሞ መርዙ አያስፈልገንም።

ነቀዝ ውኃ ከየት ያገኛል?

የሁለተኛውን ሐረግ ማስረዳት ይጠበቅብናል። የበቆሎና የስንዴ ነቀዝ እንስቷ በረጅም አፏ ፍሬውን ትሰረስራለች፤ እንቁላሏን በቀዳዳው ውስጥ ጥላ ከራሷ በሚወጣ ሙጫ መሰል ነገር ትደፍነዋለች። እጩ በፍሬው ውስጥ ተፈልፍሎ፣ ፍሬውን ከውስጥ እየበላ አድጎ፣ ክንፍ አውጥቶ ሲወጣ ነው እኛ የምናየው። የሽምብራ ነቀዝ በበኩሏ እንቁላሏን በፍሬው ልጣጭ ላይ ትለጥፋለች፤ በሽምብራ ላይ የምናያቸው ትንንሽ ነጫጭ ነጠብጣቦች እነርሱ ናቸው። 27 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ በሆነ ሙቀት የበቆሎ ነቀዝ አንድ ትውልድ ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ብቻ ይፈጅበታል። አንዲት እንስት በዕድሜዋ ከ300 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኛዎቹ ጠፍተው 20 እንስቶች ብቻ ለመራባት ይደርሳሉ ብለን ብናስብ እንኳ፣ በአሥር እንስቶች የጀመረ ጆንያ ከሦስት ትውልድ በኋላ 80,000 እንስቶች ይኖሩታል። በኅዳር የተከተተ በቆሎ በሚያዝያ ዱቄት ሆኖ የሚገኘው በዚህ ስሌት ነው።

ይህ ፍጥረት ዕድሜውን ሁሉ የሚኖረው በደረቅ እህል ውስጥ ነው። ከመቶ እጅ አሥራ ሁለቱ ብቻ ውኃ በሆነ ስንዴ ውስጥ፣ ምንጭና ኩሬ በሌለበት፣ ጥማቱን የሚያረካው እንዴት ነው? ውኃውን ራሱ ይሠራዋል። በኅዋሳዊ ትንፈሳ ትምህርት እንደምናስታውሰው ግሉኮስ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ኃይል ሲሰጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ይተርፋሉ። 180 ግራም ግሉኮስ በዚህ መንገድ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል 108 ግራም ውኃ ይገኛል። ተማሪ ይህንን ቀመር ለፈተና ሸምድዶ ይረሳዋል፤ ለነቀዙ ግን የመጠጥ ውኃው ነው። ኦክስጅን ሲቋረጥበት ምንጩ ይደርቅበታል።

በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የነፍሳት ተመራማሪ የሆኑት ላሪ መርዶክና ባልደረቦቻቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በካሜሩን ገበሬዎች መካከል የሠሩት ሥራ ያሳየው ይህንኑ ነው። ኦክስጅኑ ዝቅ ባለ ጊዜ ነፍሳቱ መጀመሪያ መብላታቸውን ያቆማሉ፤ መራባታቸውም ይቋረጣል፤ ቀስ በቀስም ሰውነታቸው ደርቆ ይሞታሉ። ከዚህ ሥራ የተገኘውና በአገራችንም የሚሸጠው ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት፣ እያንዳንዳቸው 80 ማይክሮን ውፍረት ያላቸው ሁለት የፕላስቲክ ከረጢቶች በአንድ የተሸመነ ከረጢት ውስጥ ከመሆናቸው በቀር ሌላ ምሥጢር የለውም።

ልብ ያለው አንባቢ እዚህ ላይ የእናቶቻችንን ዘዴ ያስታውሳል። በብዙ አካባቢ ባቄላና በቆሎ ከዐመድ ጋር ተደባልቆ ይቀመጣል። ደቃቁ ዐመድ የነፍሳቱን የውጭ ልብስ የሸፈነውን ስስ ሰም እየፋቀ ውኃቸው እንዲተንን ያደርጋል፤ ገዳዩ እዚህም ጥማት ነው። ጤፍ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው የሚከቱም አሉ። የጤፍ ፍሬ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ነቀዙን መንቀሳቀሻ ይነሣዋል፤ ጤፍ ራሱ ደግሞ ከማነሱ የተነሣ ነቀዝ በውስጡ እጭ ሊያሳድግበት አይችልም። ጤፍ ለዓመታት ተቀምጦ የክፉ ቀን ስንቅ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን ቀብሮ የሚያኖርበት ጉድጓድም ቢሆን በኦክስጅን ማነስ የሚሠራ ጎተራ ነው፤ የጉድጓዱ አፍ ተከፍቶ ሳይናፈስ ሰው የማይገባበትም ለዚሁ ነው። የጉድጓዱ ድክመት እርጥበት ነው፤ ዳር ዳሩ ይሻግታል፣ እህሉም የታወቀ ሽታ ያመጣል። ጥንታዊው ዘዴ ሁሉ ትክክል ነው ማለታችን አይደለም። ትክክል የሆነውን ክፍል ለይተን ምክንያቱን ብናውቅ፣ ጉድጓዱን ወደ ጀሪካን መለወጥ አያስቸግርም ነው የምንለው።

በቁጥር እንየው። 20 ሊትር የሚይዝ የዘይት ጀሪካን እስከ አፉ ስንዴ ቢሞላ 15 ኪሎ ግራም ያህል ይወስዳል። በፍሬዎቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት ከመቶ 40 ገደማ ነው፤ ይኸውም 8 ሊትር አየር ነው። ከአየር ውስጥ ከመቶ 21 ኦክስጅን ስለሆነ በጀሪካኑ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከ1.7 ሊትር አይበልጥም። ለነቀዙ የተሰጠው ስንቅ ይህ ብቻ ነው። በጆንያ ቢሆን ኖሮ የክፍሉ አየር ሁሉ የእርሱ ነበር። በጀሪካኑ ውስጥ ያለው ነቀዝ በበዛ ቁጥር ኦክስጅኑ በፍጥነት ያልቃል፤ ራሱ ራሱን ያንቃል ማለት ነው። ነቀዝ ባይኖርስ? ያን ጊዜ ኦክስጅኑ በዝግታ ይቀንሳል፤ የሚገደልም ነገር የለም።

አንዳንዶች በዕቃው ውስጥ ሻማ ለኩሰው በመክደን ኦክስጅኑን «እንጨርሰዋለን» ይላሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ሻማ ኦክስጅኑ ወደ ከመቶ 16 ሲወርድ ይጠፋል፤ ነቀዙ ግን የሚጨነቀው ከመቶ 5 በታች ሲሆን ነው። ከዚህም በላይ ሻማው ሲነድ ውኃ ያመነጫል፤ ደረቅ እንዲሆን በደከምንበት እህል ላይ እርጥበት እንጨምራለን። በውጭ አገር ለረጅም ጊዜ የሚታሸግ ምግብ ውስጥ የሚጨመረው ትንሽ ከረጢት የብረት ብናኝ ይዟል። ብናኙ ሲዝግ ኦክስጅኑን ይይዛል፤ አንድ ግራም ብረት ሙሉ በሙሉ ሲዝግ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይወስዳል። ለጀሪካናችን 6 ግራም በቂ ነበር ማለት ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ የሳሳ ስለሆነ ከዚያም ያነሰ። በየሰፈሩ ሱቅ የሚገኝ ዕቃ ባለመሆኑ ግን አንመካበትም፤ ያለ እርሱም ሥራው ይሠራል።

ከመታሸጉ በፊት

ማሸግ መድረቅን አይተካም። ይህንን ዓረፍተ ነገር በትልልቅ ፊደል ብናጽፈው ደስ ባለን። እርጥብ እህል ታሽጎ ከተቀመጠ ይታመቃል፣ ይሞቃል፣ ይሻግታል፤ ሻጋታ ሲባል ደግሞ ሽታና መልክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪ የተባሉ ዶሮ መሰል ወፎች ምክንያቱ ባልታወቀ በሽታ ካለቁ በኋላ ነው፣ በመኖአቸው ውስጥ በነበረ የሻገተ ለውዝ አማካይነት አፍላቶክሲን የተገኘው። በጎረቤታችን በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 እርጥብ ሆኖ በተከማቸ በቆሎ ምክንያት 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። አፍላቶክሲን በጥቂቱ ለረጅም ጊዜ ሲበላ የጉበት ካንሰር ያመጣል። በምጣድም ሆነ በድስት ሙቀት አይጠፋም፤ አየር በማያስገባ ዕቃ መታሸግም ቀድሞ የተፈጠረውን አያስወግደውም። ስለዚህ የሻገተ፣ የጠቆረ፣ የተሸበሸበ ፍሬ ተለቅሞ ይጣል እንጂ «ይፈጭና አይታወቅም» አይባል።

እህሉ መድረቁን በምን እናውቃለን? ልምድ ያላቸው ሰዎች በጥርሳቸው ነክሰው ይለያሉ፤ ከሩቅ የሚሰማ ቀጭ የሚል ድምፅ ጥሩ ምልክት ነው። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ በየቤቱ ስለማይገኝ ግን ለአንባቢያን አንድ ርካሽ ዘዴ እናሳያለን። ተራ የወጥ ጨው በምጣድ ላይ ሞቅ አድርገን እናደርቅና እናቀዘቅዘዋለን። ንጹሕና ፍጹም ደረቅ በሆነ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ሲሶው ድረስ እህሉን ጨምረን፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ጨው እናክልበታለን። ክዳኑን አጥብቀን ለአንድ ደቂቃ እንንጠውና ለሩብ ሰዓት እናስቀምጠዋለን። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ የእህሉ እርጥበት ከመቶ 15 በላይ ነው፤ ካልተጣበቀ ከዚያ በታች ነው። ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ እህል ከመቶ 15 ገና ብዙ ነው፤ ለእህል 12፣ ከተቻለም 10 መድረስ ይገባል። ስለዚህ ፈተናውን ያለፈ እህል ሁለት ሦስት ቀን ተጨማሪ የበጋ ፀሐይ ይፈልጋል። ከፀሐይ ላይ ተነሥቶ በትኩሱ መታሸግ የለበትም። ሌሊት ሲቀዘቅዝ የዕቃው ግድግዳ ያልበዋል፤ ያ ላብ የሻጋታው መጀመሪያ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። አየር የማይገባበት ዕቃ ለደረቅ ነገር ብቻ ነው። በደንብ ያልደረቀ ቋንጣ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የገባበት እርጥብ ድልህ፣ ዘይት የተነከረ ምግብ በዚህ መንገድ ታሽጎ በክፍል ሙቀት እንዲከርም ማንም አይሞክር። ኦክስጅን በሌለበትና ውኃ ባለበት ቦታ ቦቱሊዝም የተባለውን በሽታ የሚያስከትል መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ይራባል። በደረቅ እህል ውስጥ ግን ውኃ ስለማያገኝ ሊያድግ አይችልም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የጓዳ ሥራ ነው። እህሉ ይበጠራል፣ ይነፋል፣ ይለቀማል። ዕቃው ምግብ የነበረበት ጀሪካን፣ በተለምዶ «ሃይላንድ» የምንለው የውኃ ፕላስቲክ ወይም የብርጭቆ ጠርሙስ ይሁን፤ የፀረ ተባይ ኬሚካል፣ የናፍጣ ወይም የነጭ ጋዝ ዕቃ ምንም ያህል ቢታጠብ ለምግብ አይሆንም። ስስ ፌስታል አይጠቅምም፤ ነቀዝ ይበሳዋል፣ ኦክስጅንም ቀስ እያለ ያልፈዋል። ታጥቦ የተደፋ ጀሪካን ውስጡ ለመድረቅ ቀናት ይፈጅበታል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እህሉ ሲሞላ ዕቃውን መሬት ላይ ኳ ኳ እያደረግን እስከ አፉ እንሞላዋለን፤ ከላይ የሚቀር ባዶ ቦታ ሁሉ ለነቀዙ የተሰጠ አየር ነው። የክዳኑ ውስጥ ላስቲክ ካረጀ ከብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ የተቆረጠ ቀለበት ይተካዋል፤ በክዳኑና በአንገቱ መካከል ደግሞ ሰም ቀልጦ ይፈስበታል። ዕቃው ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ጨለማና ቀዝቃዛ በሆነ ጥግ ይቀመጥ። ቢያንስ ለሁለት ወር አይከፈት። አይጥ ፕላስቲክ ትበሳለች፤ ለእርስዋ ከድመት የተሻለ ምክር የለንም።

ምን እናሽግ?

ያልተፈጨ እህል ከዱቄት በብዙ እጥፍ ይቆያል። ፍሬው እስካልተሰበረ ድረስ በውስጡ ያለው ቅባት ከኦክስጅን ተሸሽጎ ይኖራል። ሲፈጭ ግን ቅባቱ ከአየርና ቅባትን ከሚፈረካክሱ ኢንዛይሞች ጋር ይገናኛል፤ የቆየ ዱቄት የሚመረው በዚህ ምክንያት ነው። ሰሊጥ፣ ኑግና ለውዝ በቅባት የበለጸጉ ስለሆኑ ለዓመታት ለሚቀመጥ ስንቅ አይመረጡም። ከዚህ ሕግ የሚያፈነግጠው በሶ ነው። ገብሱ ሲቆላ እርጥበቱ ይወጣል፣ የነፍሳቱ እንቁላል ይሞታል፣ ኢንዛይሙም ሥራውን ያቆማል። ስለሆነም በሶ ዱቄት ሆኖ ሳለ ከጥሬ ዱቄት የተሻለ ይቆያል። ማገዶ፣ መብራትና ጋዝ በጠፋበት ቀን ደግሞ በውኃ ብቻ ተበጥብጦ የሚበላ ምግብ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ዘማቹም ነጋዴውም ያውቁት ነበር። ባቄላ ግን ሌላ ጠባይ አለው፤ በሞቃትና እርጥበት ባለበት ቦታ ሲከርም ፍሬው እየጠነከረ ቢቀቅሉት አልበስል ይላል። በአደጋ ጊዜ ማገዶ እህልን ያህል ሊወደድ ስለሚችል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ክክ ከሙሉ ፍሬ ቶሎ ይበስላል።

ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ምግብን የሚያበላሹ ኬሚካዊ ለውጦች ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል። በደጋ ያለ ጓዳ በድሬዳዋ ካለ ጓዳ የተሻለ ጎተራ ነው፤ በቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ቆጥ ላይ የተሰቀለ ጀሪካን ግን ደጋም ቢሆን ቆላ ውስጥ ነው።

በአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ አሰጣጥ ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ኪሎ ካሎሪ ይታሰባል፤ የተለመደው ድርሻም 400 ግራም እህልና 60 ግራም ጥራጥሬ ከጥቂት ዘይትና ጨው ጋር ነው። ለአምስት ሰው ቤተሰብ ለአንድ ወር 60 ኪሎ እህልና 9 ኪሎ ጥራጥሬ ይሆናል፤ ይህም አምስት ጀሪካን ነው። አምስት ጀሪካን ከአልጋ ሥር ይገባል፤ ያለ ምንም ክኒን።

ይህንን ስንል «እጅ ወደ አፍ የሚኖር ሰው ምን ያሽጋል?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አንስተውም፤ ተቃውሞው ትክክል ነው። ደመወዙ ከወር ወር የማይደርሰውን ሰው ኩንታል ግዛ ማለት ቀልድ ነው። ይሁን እንጂ ባለ ሁለት ሊትር ፕላስቲክ አንድ ኪሎ ተኩል ስንዴ ይይዛል። ከአዝመራ በኋላ ዋጋ ዝቅ በሚልበት በጥርና በየካቲት በየሳምንቱ አንድ ፕላስቲክ የሞላ ቤት፣ በሐምሌና በነሐሴ ገበያው ሲወደድ ጥቂት ይተነፍሳል። ትንሽ ዕቃ ሌላም ጥቅም አለው። የተከፈተ ዕቃ አየር ይገባበታል፤ አንዱ ተከፍቶ ሲበላ ሌሎቹ እንደ ታሸጉ ይቆያሉ።

ሌላው ተቃውሞ እህል ማከማቸት ዋጋ ያስወድዳል የሚለው ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ በተነገረ ማግሥት ብዙ ሰው ወደ ገበያ ሮጦ ጤፍና ዘይት እንደ ተሻማ እናስታውሳለን፤ እኛም ከሯጮቹ መካከል ነበርን። በድንጋጤ የተገዛው ጤፍ ባይነቅዝም፣ አብሮት የተገዛው ሽምብራና ዱቄት ከየቤቱ ነቅዞ ሲደፋ ዐይተናል። ገበያውን የሚያስጨንቀው በአንድ ሳምንት የሚደረገው ግዢ ነው፤ በአዝመራ ወቅት ቀስ በቀስ የተሞላው ፕላስቲክ ይህንን ሩጫ ይቀንሳል ብለን እናምናለን።

እዚህ ላይ ራሳችንን ልንወቅስ ይገባል። በቤተ ሙከራዎቻችን የትንፈሳ ትምህርት የሚሰጠው በበቀለ አተርና በኖራ ውኃ ነው፤ የኖራው ውኃ ሲደፈርስ ተማሪው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መኖሩን ጽፎ ይወጣል። ያው ተማሪ ለዕረፍት ቤቱ ሲሄድ ወላጆቹ ክኒን በጆንያ ውስጥ ሲጨምሩ ያያል፤ ሁለቱ ነገሮች ግንኙነት እንዳላቸው ግን የነገረው ሰው የለም። የመድፈርሱን ትምህርት በነቀዘ ሽምብራ ብናስተምረው ወጪው አይጨምርም።

እስከዚያው አንባቢያን በየቤታቸው ሊሠሩት የሚችሉት ሙከራ አለ። እኩል መጠን ያላቸው ሦስት የብርጭቆ ጠርሙሶች አዘጋጁ፤ ከአንድ ጆንያ የተቀዳ፣ የነቀዘ ግን ደረቅ የሆነ በቆሎ ወይም ሽምብራ ያዙ። የመጀመሪያውን እስከ አፉ ሞልታችሁ አፉን በስስ ጨርቅ እሰሩት። ሁለተኛውን እስከ አፉ ሞልታችሁ ክዳኑን በሰም አትሙት። ሦስተኛውንም እንዲሁ አትሙት፤ ነገር ግን ግማሹን ብቻ ሙሉት። በጠርሙሶቹ ላይ የእህሉን ዓይነትና ቀኑን ጻፉ። ከ60 ቀን በኋላ ከፍታችሁ በሕይወት ያሉትን ነቀዞች ቁጠሩ፣ የወረደውን ዱቄት ነፍታችሁ መዝኑ። የሦስተኛው ጠርሙስ ውጤት ወደ የትኛው እንደሚቀርብ ግን ከመክፈታችሁ በፊት፣ ዛሬውኑ፣ በወረቀት ጽፋችሁ አስቀምጡ።